ከአባቴ የሬዲዮ ድንጋይ እስከ ስልካችን ባትሪ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ስልካችሁ 10 በመቶ ላይ ከሆነ መጀመሪያ ሰኩት፤ ሞልቶ ቀዝቀዝ ሲል ተመልሳችሁ አንብቡ። ለምን ቀዝቀዝ ሲል እንዳልኩ ወደ ታች ታገኙታላችሁ።

ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ነበር። «ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ዓመተ ምሕረት ለኛ ምን ይሠራልናል?» ትሉኝ ነበር። እኔም ያው መምህር ነኝና የሆነ መልስ እሰጣለሁ፤ እናንተም ያልጠገባችሁ ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ። ዛሬ የተሻለ መልስ አለኝ። የአንድን ዕቃ ታሪክ አለማወቅ እጅ ያቃጥላል። በምሳሌ አይደለም፣ በእውነት ያቃጥላል።

ባለፈው ወር አንድ የ9ኛ ክፍል ተማሪዬ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ክፍል ገባ። ያቃጠለው የሞባይል ባትሪ ነው። የጥፋቱ ግማሽ ደግሞ የእኔ ነው። እንዴት የእኔ እንደሆነ ለመናገር ግን ከአባቴ ሬዲዮ መጀመር አለብኝ።

እኔ ያደግሁት እዚሁ ደሃና፣ ከአምደወርቅ በእግር 3 ሰዓት ገደማ በሚያስኬድ ገጠር ነው። በቤታችን ከበሬውና ከንብ ቀፎው ቀጥሎ የሚከበረው ንብረት የአባቴ ሬዲዮ ነበር። 4 ትልልቅ ድንጋይ ይበላል። አባቴ ዜና ሊሰማ ሲል ድንጋዩን ይከታል፣ ዜናው ሲያልቅ አውጥቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጣል። ማታ ማታ የጀርመን ድምፅን ሊሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል። ዘፈን ግን ክልክል ነው። «ድንጋይ ይጨርሳል!» ይባላል፤ በቃ፣ ይዘጋል።

ድንጋዩ ሲደክምና የዜና አንባቢው ድምፅ ሲሰልል አባቴ መላ ነበረው። ጠዋት ድንጋዮቹን እንደ ብቅል ፀሐይ ላይ ያሰጣቸዋል። አንዳንዴ ምድጃ ዳር ያሞቃቸዋል። አንዳንዴም በጥርሱ ነከስ ነከስ ያደርጋቸዋል፣ እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። እናም ይሠራ ነበር! ለአንድ ወይ ለሁለት ምሽት ሬዲዮው እንደገና ይናገራል። ይህን ያላየ የእኔ እኩያ የዋግ ልጅ ያለ አይመስለኝም።

ለምን ይሠራ እንደነበር የገባኝ ትልቅ ሰው ሆኜ ነው። ያ ድንጋይ የተወለደው ፈረንሳዊው ዦርዥ ሌክላንሼ እ.ኤ.አ. በ1866 በሠራው ባትሪ ነው። ጊዜውን በእኛ ቤት ታሪክ ልንገራችሁ፤ የኛው ዋግሹም ጎበዜ፣ በኋላ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ የተባሉት፣ በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በሸፈቱበት ዘመን መሆኑ ነው። የሌክላንሼ ባትሪ ፈሳሽ ያለበት ማሰሮ ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ ጀርመናዊው ካርል ጋስነር ፈሳሹን ወደ ሊጥ ለውጦ በዚንክ ቆርቆሮ አሸገውና ደረቁ ድንጋይ ተገኘ። ውጪው ዚንክ ነው፣ መካከሉ ላይ የከሰል ዘንግ አለ፣ በዙሪያው ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ዱቄት ተጠቅጥቋል። ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ነው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው። ሙቀት በውስጡ ያለውን ሥራ ስለሚያፋጥን የደከመው ድንጋይ ፀሐይ ሲያገኝ የቀረችውን እንጥፍጣፊ ይሰጣል። አባቴ አልተሳሳተም ማለት ነው። ለዚያ ድንጋይ ትክክለኛው መላ ያ ነበር፤ ቢሳሳት እንኳ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ ድንጋዩ ማፍሰሱ ነው።

የሞተው ድንጋይም አይጣልም ነበር። ተማሪ ቤት ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ መምህራችን «ነገ የሞተ ድንጋይ ይዛችሁ ኑ» ይላሉ። እኛም ከየቤቱ ለቅመን እንወስዳለን። በድንጋይ እንፈጠርቀዋለን፣ ጥቁሩን ዱቄት እናወጣለን፣ በውሃና በቅጠል ጭማቂ እንለውሰውና ሰሌዳውን እንቀባዋለን። የከሰሉ ዘንግ ለመጻፊያ ይሆናል። እጃችን እስከ ክርናችን ይጠቁራል፤ ደስታው ግን! ያ ዱቄት ለጤና ጥሩ እንዳልሆነ ያኔ የነገረን አልነበረም። ያም ሆኖ ያቃጠለው ልጅ አላውቅም። ይህን ሰሌዳ አስታውሱልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ ወደ አካባቢያችን የገባው የመኪና ባትሪ ነው። እሱም አሮጌ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ጋስቶን ፕላንቴ የሚባል ፈረንሳዊ ከእርሳስና ከአሲድ የሠራው ነው። ልዩነቱ ተመልሶ መሞላቱ ነው። ሠርግ ሲሆን ቴፕ የሚያጫውተው እሱ ነበር፤ በኋላም ከሶላር ጋር ለጤና ጣቢያና ለተማሪ ቤት መጣ። የዚህ ባትሪ ሕግ ደግሞ ሌላ ነው። ባዶውን ካሳደራችሁት ይበላሻል፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ መቀመጥ ይወዳል። «ባትሪ ሁሌ ይሙላ» የሚለው ልማድ በብዙ ቤት የገባው ከዚህ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ልማድ የመጣው ከሞባይል ጋር ነው። በሀገራችን የሞባይል አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ። እኛ ጋ በብዛት የታየው ግን ከሚሊኒየሙ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ኔትወርክ ፍለጋ ተራራ መውጣት ነበር። ቻርጅ ለማድረግ ደግሞ ወደ አምደወርቅ መውረድ ግድ ይላል። ገበያ የሚሄድ ሰው የጎረቤቱን ስልክ ሁሉ ሰብስቦ ይወስዳል፤ የባለቤቱ ስም በወረቀት ተጽፎ በላስቲክ ይታሰርበታል። «ሞባይል ቻርጅ እናደርጋለን» የሚል ካርቶን የተሰቀለበት ሱቅ ውስጥ 20 እና 30 ስልክ ባንድ ገመድ ላይ ተደርድሮ ጄኔሬተሩ ሲያጓራ አይቻለሁ። እኔም የመጀመሪያዬን ኖኪያ ስገዛ ሻጩ ቆጣ ብሎ ነው የነገረኝ። «መጀመሪያ ቀን 8 ሰዓት ሙሉ ይሰካ። ከዚያ በኋላ ሙልጭ ብሎ ሳያልቅ እንዳትሰካው፤ ባትሪውን ታበላሸዋለህ!»

ይህን ትእዛዝ ዛሬም እሰማዋለሁ። እናንተም ሰምታችኋል። ከየት መጣ? ከኒኬል ባትሪ ነው። ስዊድናዊው ቫልደማር ዩንግነር እ.ኤ.አ. በ1899 ማለትም ዋግሹም ጓንጉል ከዋግ ጦር ጋር ከዘመቱበት ከአድዋ ድል 3 ዓመት በኋላ የኒኬልና የካድሚየም ባትሪ ሠራ። የድሮዎቹ ሞባይሎች የሚሠሩት በኒኬል ባትሪዎች ነበር። የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ግማሽ ላይ እየተሰካ ከለመደ ጉልበቱ የሚቀንስበት ጠባይ ነበረው፤ ስለዚህ ሙልጭ አድርጎ መጨረስና ረጅም ሰዓት መሙላት ያስፈልግ ነበር። ሕጉ ለእሱ ልክ ነው። ችግሩ እኛ ስልክ ስንይዝ ባትሪው ተቀይሮ ነበር። የእኔ ኖኪያ ውስጥ የነበረው ኒኬል አልነበረም፤ ሊቲየም ነበር። ዕቃው ሄዶ ልማዱ ቀረ ማለት ይህ ነው።

አሁን ወደ ሊቲየም እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ስታንሊ ዊቲንግሃም የተባለ ኬሚስት አሜሪካ ውስጥ በአንድ የነዳጅ ኩባንያ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን ተሞይ የሊቲየም ባትሪ ሠራ። ንጹሕ ሊቲየም ስለተጠቀመ ደጋግሞ እየተቀጣጠለ የእሳት አደጋ ሠራተኞችን አማረረ። በ1980 ጆን ጉድኢናፍ የኮባልት ኦክሳይድን መንገድ አገኘ። በ1985 ጃፓናዊው አኪራ ዮሺኖ ንጹሑን ሊቲየም አስወጥቶ በካርቦን ተካውና ባትሪው ሰው ኪስ ሊገባ የሚችል ሆነ። በ1991 ሶኒ ለገበያ አወጣው። እነዚህ 3 ሰዎች እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለሙ። ጉድኢናፍ ያኔ 97 ዓመታቸው ነበር፤ ከእሳቸው በፊት በዚያ ዕድሜ ኖቤል ያገኘ የለም። በዚያው ሳምንት የሀገራችን ጠቅላይ ሚኒስትር የሰላም ኖቤል ማግኘቱ ስለተነገረ፣ እኛ ጋ የኬሚስትሪውን ያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ዜናውን ያነበብንበትን ባትሪ የሠሩት ግን እነዚያ ሽማግሌዎች ነበሩ።

አሠራሩን በእኛው ነገር ላስረዳ። አማርኛችን የስልክን አካል «ቀፎ» ይለዋል፤ ዋግ ደግሞ የማር አገር ነው። ባትሪው ውስጥ ፊት ለፊት የቆሙ 2 ቀፎዎች አሉ በሉ፤ አንዱ የኮባልት፣ ሌላው የግራፋይት። ሊቲየሞቹ ንቦቹ ናቸው። ስልኩን ስትሰኩ ንቦቹ ተገፍተው ወደ ግራፋይቱ ቀፎ ይገባሉ። ስልኩን ስትጠቀሙ ወደ መጀመሪያው ቀፏቸው ይመለሳሉ፤ ሲመለሱ ነው ስልኩ የሚሠራው። የሚሄዱበት መንገድ ፈሳሽ ነው፤ ይህ ፈሳሽ እሳት የሚይዝ ነው። በ2ቱ ቀፎዎች መካከል ደግሞ ከወረቀት የሳሳ የፕላስቲክ መጋረጃ አለ። ያ መጋረጃ ከተቀደደ ወይም በሙቀት ከቀለጠ 2ቱ ወገኖች በቀጥታ ይገናኛሉ፣ ይሞቃሉ፣ ሙቀቱ ሌላ ሙቀት ይወልዳል። ከዚያ በኋላ ማቆም ከባድ ነው። የተናደደ ቀፎ አይታችሁ ከሆነ ገብቷችኋል።

ይህ የደሃ አገር ዕቃ ጉድለት አይደለም። በሚሊኒየማችን ዋዜማ፣ ነሐሴ 8 ቀን 1999 ዓ.ም. ኖኪያ ራሱ ቢኤል-5ሲ የተባለውን ባትሪውን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ማቱሺታ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ከሠራቸው ውስጥ 46 ሚሊዮን የሚሆኑት ቻርጅ ላይ እያሉ ከልክ በላይ ሊሞቁ ይችላሉ ብሎ በነጻ እንደሚቀይር ተናገረ። ቢኤል-5ሲን ታውቁታላችሁ፤ ባለ መብራቱ ኖኪያ 1100 ውስጥ ያለችው ናት። አሁንም በየሱቁ በዚያ ስም የሚሸጥ ኮፒ ሞልቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሳምሰንግ ኖት 7 የተባለውን ውድ ስልኩን በባትሪ መቃጠል ምክንያት ገና በ2 ወሩ ከገበያ አጠፋው።

የራሳችንም ታሪክ አለ። በ2005 ዓ.ም. የጃፓን አየር መንገዶች ድሪምላይነር አውሮፕላኖች ላይ የሊቲየም ባትሪ ስለተቃጠለ የዓለም ድሪምላይነር ሁሉ መሬት ላይ ቆመ። ባትሪው ተሻሽሎ ሲፈቀድ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. መንገደኛ ጭኖ ቀድሞ የተነሣው የኛ አየር መንገድ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ። 3 ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት የቆመ የኛው ድሪምላይነር ጭራው አካባቢ ተቃጠለ። መርማሪዎች ያገኙት ምክንያት የአደጋ ጊዜ ምልክት መላኪያ መሣሪያ ውስጥ ያለች አነስተኛ የሊቲየም ባትሪ ናት። ይቺኛዋ የማትሞላ ዓይነት ናት። ሽቦዎቿ ክዳኑ ሥር ተጨፍልቀው ተገናኙና ነደደች። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም፤ አውሮፕላኑም ተጠግኖ ወደ ሥራ ተመለሰ። እኔ ከዚህ የምይዘው አንድ ነገር ነው፤ የተጨፈለቀች ሽቦ ያን ትልቅ አውሮፕላን ካቃጠለች፣ በፕላስተር የተጠገነ ቻርጀር ጎጆ ቤት ውስጥ ምን ልታደርግ ነው?

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልመለስ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ዋግ ሲገባ መብራቱም ኔትወርኩም ጠፋ። ያን ጊዜ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። የዘመድ ድምፅ ለመስማት ኔትወርክ ወዳለበት ቀን ሙሉ በእግር የሚሄድ ሰው፣ ደርሶ ስልኩ ቢዘጋበት ምን እንደሚሰማው የደረሰበት ያውቀዋል። አንድ በመቶ ባትሪ ነፍስ ነበረች። ሰው ያገኘውን ሁሉ ሞከረ። የሶላር ፓኔል ያለው ሰው ሽቦውን ልጦ በቀጥታ ባትሪው ላይ አሠረ። የሞተር ሳይክል ባትሪ ያለውም እንደዚያው። የደከመችውን የሞባይል ባትሪ፣ ልክ እንደ አባቴ፣ ፀሐይ ላይ ያሰጣትም ነበር። ማንንም አልወቅስም። እኔም አድርጌዋለሁ፤ ሽቦ ልጬ አሥሬ ባትሪው እንደ ትኩስ ድንች ሲሞቅ «ይኸው እየሞላ ነው» ብዬ ደስ ብሎኛል።

መብራት ሲመለስ ልማዱ አብሮ አልሄደም። የብዙ ገጠር ቤት መብራት ዛሬም ሶላር ነው። በተከዜ ላይ ያለው 188 ሜትር የሚረዝም ግድብ 300 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ ኅዳር 2002 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ሐይቁ የዋግን ቆላ ተንተርሶ ተኝቷል፤ ከሐይቁ በላይ ባለው ተራራ ግን ብዙ ጎጆ ማታ የሚያበራው በስልኩ ባትሪ ነው። ስልኩ ደግሞ ዛሬ መደወያ ብቻ አይደለም። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጣ፤ ደመወዝና የዘመድ ብር በስልክ ይላካል። መብራት ነው፣ ቦርሳ ነው፣ ለተማሪዎቼ መጽሐፍ ነው። ስለዚህ ሰው ባትሪውን ለማትረፍ የማያደርገው የለም፤ ለዚህ ነው አደጋው የበዛው።

አሁን ስለ ልጁ። ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ነጥቶ ጽሑፌ አልታይ ሲል ቀልድ ብጤ ጀመርኩ። «በኛ ጊዜ ቢሆን ነገ 2 የሞተ ባትሪ ሰብረን፣ ዱቄቱን አውጥተን እናጠቁረው ነበር» አልኳቸው። ሳቁ። ታሪኩን እስከ ቅጠል ጭማቂው ድረስ ነገርኳቸው። ድንጋይ እያልኩ ብናገር ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን «ባትሪ» ነው ያልኩት። አንድ ዝምተኛ ልጅ ቤቱ ሄደ። መደርደሪያ ላይ የእናቱ ስልክ የድሮ ባትሪ ተቀምጣለች፤ በሶላር ሽቦ በቀጥታ ስትሞላ ከርማ እንደ አምባሻ የተነፋች። የሞተች ነው የመሰለችው። ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጣትና ሚስማር ይዞ በሌላ ድንጋይ መታት። ለመምህሩ ጥቁር ዱቄት ሊያመጣ ነው፤ ሌላ ምንም ሐሳብ አልነበረውም።

ፉጨት ሰማሁ ይላል። ከዚያ ነጭ ጭስ፣ ከዚያ ነበልባል። ጣቶቹና የእጁ ጀርባ ተቃጠለ። ፊቱን ዘወር አድርጎ ስለነበር ዓይኑ ተረፈ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። እናቱ ደንግጠው ቡና ዱቄት ነሰነሱበት፤ ጤና ጣቢያ ያንን ማጠብ ብቻውን ሌላ ስቃይ ነበር። ከ2 ሳምንት በኋላ ሲመጣ ገና በሩ ላይ ቆሞ ይቅርታ የጠየቀኝ እሱ ነው። «ቲቸር» አለኝ፣ «ውስጡ ዱቄት አይደለም።»

ምን ልበላችሁ፣ ያን ቀን ማስተማር አልቻልኩም። አሁን በግራ እጁ መጻፍ ጀምሯል፤ ቀኙም እየዳነ ነው። ይህን እንድጽፍ ስሙን እስካላነሣሁ ድረስ እሱም እናቱም ፈቅደዋል። እናቱን ልጠይቅ ቤታቸው ስሄድ ስልካቸውን በጨርቅ ይዘው እንደ እባብ ከራሳቸው አራቁት። «ልጀ፣ ይሄም እንዲያ ይሆናል ወይ? ልጣለው?» አሉኝ። «ኧረ አይጣሉትም እናቴ፣ እንደ ጠባዩ ይያዙት እንጂ» አልኳቸው። የነገርኳቸውን ለእናንተም ልድገመው። በየቤታችሁ ስልክ ለያዙ፣ ይህን ጽሑፍ ለማያነቡ እናቶችና አባቶች ንገሩልኝ።

1. ፀሐይ ለድሮው ድንጋይ መድኃኒት ነበር፣ ለሞባይል ባትሪ ግን መርዝ ነው። ስልክ ፀሐይ ላይ፣ ምድጃ ዳር፣ መኪና ፊት መስታወት ሥር አይቀመጥ። በሶላር ስትሞሉም ፓኔሉ ፀሐይ ላይ፣ ስልኩ ጥላ ውስጥ ይሁን። ስልኩ በእጅ አልያዝ እስኪል ከሞቀ ንቀሉት፣ እስኪበርድ ተዉት።

2. የሶላር ሽቦ በቀጥታ ባትሪ ላይ አይታሰር። የስልክ ባትሪ ሲሞላ 4.2 ቮልት አካባቢ ነው። «12 ቮልት» የሚባለው ፓኔል በደህና ፀሐይ ከ18 ቮልት በላይ ሊሰጥ ይችላል። ሶላሩ የራሱ መቆጣጠሪያና የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው በዚያ ብቻ ሙሉ፤ እሱ 5 ቮልት ነው የሚሰጠው፣ ስልኩም ራሱ ይቆጣጠረዋል።

3. «8 ሰዓት ይሰካ፣ ሙልጭ ይበል» የሚለው የኒኬል ሕግ ነው፤ አልፏል። ሊቲየም መካከሉን ይወዳል። 20 በመቶ አካባቢ ሲደርስ መሰካት፣ 80 ወይ 90 ላይ መንቀል ዕድሜውን ያረዝመዋል። አንዳንዴ 100 ቢሞላ ችግር የለም፤ ሁልጊዜ ሙሉ ሆኖ በሙቀት ላይ መዋሉ ነው የሚያስረጀው። የማትጠቀሙበትን ስልክ ደግሞ ባዶውን ለወራት አታስቀምጡ፤ ግማሽ ሞልታችሁ፣ አጥፍታችሁ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ አኑሩት።

4. ቻርጅ ላይ ያለ ስልክ አልጋ ላይ፣ ትራስ ሥር፣ ገለባና ሳር አጠገብ አይሁን። ጠረጴዛ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጉት። ሰው በሌለበት ቤት፣ ሁሉም በተኛበት ሌሊት ባይሆን ይመረጣል፤ በተለይ ቻርጀሩን ካላመናችሁት።

5. የተላጠ ገመድ፣ የሚያጥብ ሶኬት፣ የሚግል ቻርጀር ይጣል። ባትሪ ስትቀይሩ ርካሹን ሳይሆን ለዚያው ስልክ የተሠራውን ለማግኘት ሞክሩ። መብራት ሲሄድ ስልኩን ንቀሉ፤ ሲመለስ አንዳንዴ ከልክ በላይ ሆኖ ይመጣል።

6. ያበጠ ባትሪ የሞተ ባትሪ አይደለም። ውስጡ ጋዝ አለ፣ ኃይልም ሊኖረው ይችላል። አይሰካ፣ አይጫን፣ በጥርስ አይነከስ፣ አይበሳ። ክዳን በማይገጥምበት ስልክ ላይ በላስቲክ አስሮ መጠቀምም ይቅር። ቀስ ብላችሁ አውጥታችሁ ደረቅ አሸዋ ባለበት ሸክላ ወይም ጣሳ ውስጥ አድርጉና ከቤት ውጪ፣ ልጅና ከብት በማይደርስበት አስቀምጡት። እሳት ውስጥ፣ ወንዝ ውስጥ ወይም እርሻ ላይ አይጣል። ከተማ ስትወርዱ ለሞባይል ጥገና ባለሙያ ስጡት።

7. ውሃ ውስጥ የወደቀ ስልክ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ ይውጣ፤ በደንብ ሳይደርቅ አይሰካ። በእሳት ለማድረቅ አትሞክሩ።

8. ከተቀጣጠለ መጀመሪያ ሰው ይውጣ፤ ጭሱ መርዝ ነው። የተሰካ ከሆነና ሳትጎዱ ከቻላችሁ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ። ከዚያ ለስልክ ያህል ባትሪ ብዙ ውሃ አፍስሱበት። ሊቲየምና ውሃ አይስማሙም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ያ ንጹሑ ብረት ነው። ለስልክ ባትሪ ውሃ ዋናውን ነገር ማለትም ሙቀቱን ይቀንሳል። ነበልባሉ ቢጠፋም እንደገና ሊነሣ ይችላልና ቶሎ አትንኩት።

9. የተቃጠለ ሰው ላይ ቡና፣ ቅቤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል አይደረግ። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አፍስሱበት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑትና ወደ ጤና ጣቢያ።

ልጁን ካየሁ ወዲህ አባቴን ብዙ አስባለሁ። አባቴ ዛሬ ቢኖር የሞባይል ባትሪ ፀሐይ ላይ ያሰጣ ነበር፤ አላዋቂ ሆኖ አይደለም፣ ያወቀውን አጥብቆ ስለያዘ ነው። ልጁም ባትሪ የሰበረው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ መምህሩን ስላመነ ነው። እኔ የነገርኩት ታሪክ እውነት ነበር፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የነገርኩት። ያ ድንጋይ ሌላ እንደነበር፣ ይሄኛው ሌላ እንደሆነ መናገር ነበረብኝ። ከአያት የወረስነው መላ መልካም ነው፤ ለየትኛው ዕቃ እንደተሠራ ካላወቅን ግን መላው ራሱ ይበላናል። ተማሪዎቼ፣ ዓመተ ምሕረት ምን ይሠራል ላላችሁኝ መልሴ ይህ ነው። 1859፣ 1866፣ 1899፣ 1991፤ 4 ባትሪ፣ 4 ጠባይ። ያንን ብንለይ ኖሮ አንድ እጅ ይተርፍ ነበር።

በነገራችን ላይ ሰኞ ዕለት ክፍል ስገባ ሰሌዳው ጠቁሮ ጠበቀኝ። ልጆቹ ከሰል ወቅጠው፣ በቅጠል ለውሰው ቀብተውታል። ቀኝ እጁ የታሰረው ልጅ በግራ እጁ ከላይ ቀኑን ጽፎበታል።

ነሐሴ 16 ሻደይ ስትመጣ እህቶቻችን ሲጨፍሩ ልትቀርጹ ስልካችሁን ሞልታችሁ እንደምትወጡ አውቃለሁ። ሙሉት፤ ግን ጥላ ውስጥ። የምታውቁት ተጨማሪ ነገር ካለ ከታች ጻፉልን፤ ፊዚክስና ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ወዳጆቼ ደግሞ ብሳሳት አርሙኝ። ለእናቶቻችሁ ማንበቡን እንዳትረሱ።

ቸር ያሰንብተን።